ሁለተኛ ካርድ ሁለተኛ መንገድ ነውን?

የቨርቹዋል ማሽኖችን መጠባበቂያ ቅጂ በተለየ የኔትዎርክ ካርድ ስለ ማስተላለፍ የቀረበ ሂስ

ስለ ቨርቹዋል ማሽኖች አያያዝ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሮ የሚደጋገም አንድ ምክር አለ። ይኸውም የመጠባበቂያ ቅጂ፤ በተለመደው አጠራር ባክአፕ፤ የሚያስነሣው የዳታ ፍሰት ከዕለቱ ሥራ ጋር እንዳይጋፋ ለእያንዳንዱ አስተናጋጅ ኮምፒዩተር ተጨማሪ የኔትዎርክ ካርድ ገጥሞ ቅጂውን በዚያ በኩል መስደድ ይገባል የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት ነው ለማለት አልተነሣንም። የምንነቅፈው የሚሰጥበትን አኳኋን ነው። ካርድ መግጠምና መንገድ መለየት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ሲሆኑ፤ መካሪዎቹ ሁለቱን እንደ አንድ አድርገው ስለሚናገሩ፤ ሰሚው ካርዱን ይገዛል፤ ይገጥማል፤ ኬብሉን ሰክቶ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ሲል ባየ ጊዜ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለዋል። ቅጂው ግን ሌሊቱን ሁሉ በቀድሞው መንገድ ሲመላለስ ያድራል። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ ነው።

ለሂሳችን መሠረት ያደረግነው የሁለት ድርጅቶችን የመመሪያ መጻሕፍት ነው። አንደኛው መቀመጫው በቪየና ከተማ የሆነው የፕሮክስሞክስ ነው፤ ሁለተኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በብሮድኮም ሥር የገባው የቪ ኤም ዌር ነው። የፕሮክስሞክስ ምንጭ ኮድ ለማንም የተገለጠ ስለ ሆነ፤ ተማሪ የሆነ ሰው ያለ ክፍያ ከፍቶ ሊመረምረው ይችላል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እናጠፋለን።

ከሌላ የትምህርት ክፍል ለሚያነቡን ጓደኞቻችን ጥቂት ቃላት ማብራራት ይገባናል። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር ኀይል የተፈጠረ ኮምፒዩተር ነው። ትልቁን አስተናጋጅ፤ በውስጡ የሚኖሩትን እንግዶች እንላቸዋለን። የእንግዳው ዲስክ በአስተናጋጁ ዘንድ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ወይም እንደ አንድ የዲስክ ክፍል ስለሚታይ፤ እንግዳው ሥራውን ሳያቋርጥ ከበስተውጭ ሊገለበጥ ይችላል። የዚህ ጥበብ ጥቅም ይኸው ነው። የዚህ ጥበብ ችግርም እንደምናየው ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

አሁን ሁለት በር ያለው ግቢ እናስብ። ትልቁ በር ለእንግዳ፤ የጓሮው በር ለእንጨትና ለውሃ ነው። የቤቱ ጌታ የጓሮውን በር ስላስከፈተ ብቻ ውሃ ቀጂዋ በዚያ በኩል አትገባም። ቤቱን ያመለከታት ሰው ትልቁን በር ብቻ ነግሯት እንደ ሆነ፤ ወይም ከምንጩ የሚመጣው መንገድ የሚያደርሰው ወደ ትልቁ በር እንደ ሆነ፤ እንስራዋን እንዳዘለች በተሰበሰቡት እንግዶች መካከል ታልፋለች።

በኮምፒዩተርም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። አንድ የዳታ እሽግ ከኮምፒዩተር በሚወጣበት ጊዜ ከርነሉ የሚጠይቀው «ይህ የባክአፕ እሽግ ነውን?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀው «መድረሻው የት ነው?» ብሎ ነው። የመድረሻውን የአይ ፒ አድራሻ ይዞ የመንገድ ሠንጠረዡን ይመለከታል፤ ከአድራሻው ጋር ይበልጥ የሚገጥመውን መስመር ይመርጣል፤ በዚያ መስመር ላይ በተጻፈው ካርድ በኩል ይሰደዋል። የሚገጥም መስመር ከሌለ እሽጉ ወደ ተለመደው ጌትዌይ ይሄዳል፤ ጌትዌዩም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጀመሪያው ካርድ በኩል ነው። እንግዲህ የባክአፑ ሰርቨር አድራሻ ለሁለተኛው ካርድ ጎረቤት ካልሆነ፤ ወይም በግልጽ የተጻፈ መንገድ ከሌለው፤ ሁለተኛው ካርድ ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

ከዚህ የባሰ ስሕተት የሚሠራው ሁለቱን ካርዶች በአንድ ንኡስ ኔትዎርክ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሁለት ካርድ፤ ሁለት አድራሻ፤ አንድ ስዊች። በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ነገር ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ለአንዱ መድረሻ ሁለት መስመር ስለሚገኝ ከርነሉ አንደኛውን ብቻ መርጦ የሚወጣውን ሁሉ በዚያ ያሳልፋል። በዚህም ላይ የሊነክስ ከርነል እንደ ተለመደው አቀማመጡ ከተተወ፤ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ተብሎ በአንደኛው ካርድ በኩል ለሚመጣ ጥያቄ፤ አድራሻው የሁለተኛው ካርድ ቢሆንም እንኳ፤ በአንደኛው ካርድ «የእኔ ነው» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ መውጫውም መግቢያውም በአንድ በር ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው በር ተከፍቶ ሰው የማያልፍበት ሆኖ ይቀራል።

ይህ የሊነክስ ጠባይ ጉድለት መስሎ የታያቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ጥንታዊ መሠረት አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1989 ዓ.ም. በሮበርት ብሬደን አዘጋጅነት የወጣው፤ አር ኤፍ ሲ 1122 የተባለው ሰነድ፤ ከአንድ በላይ ካርድ ስላለው ኮምፒዩተር ሲናገር ሁለት አስተሳሰቦችን አቅርቧል። በአንደኛው፤ ጠንካራ በተባለው፤ አድራሻ የካርዱ ንብረት ነው፤ በሌላ ካርድ የመጣ እንደ ሆነ አይቀበሉትም። በሁለተኛው፤ ደካማ በተባለው፤ አድራሻ የኮምፒዩተሩ የጠቅላላው ንብረት ነው፤ በየትኛውም ካርድ ቢመጣ ይቀበሉታል። ሰነዱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዴታ አላደረገም። ሊነክስ ደካማውን መረጠ፤ የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ግን ከቪስታና ከሰርቨር 2008 ጀምሮ ወደ ጠንካራው ተሻገረ። እንግዲህ ያው አንድ ምክር፤ «ሁለተኛ ካርድ ጨምሩ» የሚለው፤ በሁለት ስርዓተ ክወናዎች ላይ ሁለት ልዩ ውጤት እንዲሰጥ ሆኖ ተቀምጧል። ምክሩን የሚሰጡት ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት እምብዛም አያነሡም።

ወደ ቪ ኤም ዌር እንምጣ። በዚህ ሥርዓት ባክአፕ የሚያደርገው ሶፍትዌር የእንግዳውን ዲስክ በኔትዎርክ በሚያነብበት ጊዜ ከአስተናጋጁ ጋር በ902 ቁጥር ወደብ ይገናኛል። እትም 7.0 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ይህ ፍሰት ይሄድ የነበረው በአስተዳደሩ አድራሻ ነው፤ ምክንያቱም አስተናጋጁ የተመዘገበውና የሚታወቀው በዚያ ስም ስለ ነበረ ነው። ብልሃተኞች የሆኑ ሠራተኞች በባክአፑ ማሽን ላይ ባለው የስም መዝገብ የአስተናጋጁን ስም ከሁለተኛው ካርድ አድራሻ ጋር በማያያዝ ፍሰቱን ያዞሩት ነበር። ይህ ለውሃ ቀጂዋ የተሳሳተ ምልክት ነግሮ በጓሮ እንድትገባ እንደ ማድረግ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ያን ያደረገው ሰው ሥራ ለቆ የሄደ እንደ ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው አንድ ስም ለምን በሁለት ቦታ ሁለት አድራሻ እንዳለው ሲመረምር ይከርማል።

እትም 7.0 ለዚህ ችግር የታሰበበት መፍትሔ አመጣ፤ ለአንድ ካርድ «የባክአፕ ኤን ኤፍ ሲ» የሚል የአገልግሎት ምልክት መስጠት ተቻለ። ይህን ለውጥ እናመሰግናለን፤ ስም ከማሳሳት በግልጽ መናገር ይሻላልና። ነገር ግን በመመሪያው ውስጥ ለምልክቱ የተሰጠው ማብራሪያ እጅግ አጭር ከመሆኑ የተነሣ አንድ ትልቅ ነገር አንባቢውን ያመልጠዋል። ቪ ኤም ዌር ዲስክ የሚነበብበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ኤን ቢ ዲ በተባለው መንገድ ዳታው በአስተናጋጁ ካርድ ይወጣል፤ ምልክቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሆት አድ በተባለው መንገድ ግን የባክአፑ ረዳት ማሽን ራሱ እንግዳ ሆኖ በአስተናጋጁ ውስጥ ይኖራል፤ የሌላውን እንግዳ ዲስክ በራሱ ላይ አስገጥሞ ያነባል፤ ከዚያም በራሱ ቨርቹዋል ካርድ ይልከዋል። በዚህ ጊዜ የአስተናጋጁ ምልክት ምንም አያደርግም። ሳን በተባለው በሦስተኛው መንገድ ደግሞ የባክአፑ ማሽን ከዲስክ ማከማቻው በቀጥታ ስለሚያነብ ዳታው በአስተናጋጁ በር ጨርሶ አያልፍም። እንግዲህ «የባክአፑ ካርድ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለው፤ እንደየመንገዱ። የሦስቱ መንገዶች ትንታኔ የሚገኘው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በተዘጋጀ በሌላ መጽሐፍ ሲሆን፤ ካርዱን የሚያዘጋጀው ሰው የሚያነበው የኔትዎርኩን መጽሐፍ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት ሳይተዋወቁ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን ትክክለኛ መልስ ጽፎ የደረሰበትን መንገድ ላላሳየ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ብቻ ይሰጡት ነበር። እኛም ለዚህ መመሪያ ከዚያ የበለጠ ልንሰጠው አልቻልንም።

ፕሮክስሞክስ በዚህ በኩል የበለጠ ቀላል ነው። ባክአፑን የሚያደርገው አስተናጋጁ ራሱ ነው፤ እንግዳውን የሚያንቀሳቅሰው ኪው ኢ ኤም ዩ የተባለው ፕሮግራም ዲስኩን እያነበበ ወደ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር በ8007 ቁጥር ወደብ ይልካል። መንገዱን የሚወስነው በማከማቻው መግለጫ ላይ የተጻፈው የሰርቨሩ አድራሻ ነው። ሰርቨሩ በተለየው ኔትዎርክ ውስጥ አንድ እግር ካለውና የዚያ እግር አድራሻ በመግለጫው ላይ ከተጻፈ ፍሰቱ ወደዚያ ይዞራል። በአድራሻ ፋንታ ስም ተጽፎ እንደ ሆነ ግን ነገሩ በስም መዝገቡ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ የሚያስገርመን አንድ ነገር አለ፤ ፕሮክስሞክስ እንግዶች ከአስተናጋጅ ወደ አስተናጋጅ የሚዛወሩበትን ኔትዎርክ በግልጽ የሚያስመርጥ መስመር በማዕከላዊ መዝገቡ ውስጥ ሠርቷል፤ ባክአፕ ግን ከመዛወር ያላነሰ ጭነት የሚያመጣ ሲሆን መንገዱ የሚታወቀው ከአድራሻው ተገምቶ ነው።

የሂሳችን ዋና ነጥብ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ በልባቸው የያዙት አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ባክአፕ የኋላ ሥራ ስለ ሆነ ቢዘገይም ጉዳት የለውም የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ ለዕለቱ ሥራ 10 ጊጋቢት ያለው ዐዲስ ካርድ ይሰጣል፤ ለባክአፕ ደግሞ ከአሮጌ ማሽን የተነቀለ ባለ 1 ጊጋቢት ካርድ ይበቃዋል ይባላል። የጓሮ በር ጠባብ ቢሆን ማን ይጎዳል? በብዙ ሥርዓቶች ዘንድ ይህ አነጋገር ያስኬዳል። በፕሮክስሞክስ ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱን ለመረዳት ባክአፑ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

እንግዳው እየሠራ ዲስኩ በሚገለበጥበት ጊዜ ቅጂው ባክአፑ የተጀመረበትን ቅጽበት መልክ መያዝ አለበት። ገና ያልተገለበጠ የዲስክ ክፍል ላይ እንግዳው ዐዲስ ነገር ሊጽፍ ቢፈልግ ምን ይደረጋል? የኪው ኢ ኤም ዩ ደንብ ይህ ነው፤ አስቀድሞ አሮጌው ዳታ ወደ ባክአፑ ሰርቨር ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ዐዲሱ እንዲጻፍ ይፈቀዳል። ይህም ማለት የእንግዳው ጽሕፈት የአሮጌው ክፍል ጉዞ እስኪፈጸም ድረስ ይጠብቃል ማለት ነው። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ጥበቃው አይታወቅም። መንገዱ ጠባብ ከሆነ፤ ወይም ሰርቨሩ በቀርፋፋ ዲስኮች የሚጽፍ ከሆነ፤ የሚዘገየው ባክአፑ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ራሱ ነው። በእንግዳው ውስጥ የሚኖር የመረጃ ቋት ካለ የእርሱ ተጠቃሚዎች በሌሊት ሥራ ላይ ያሉ ከሆነ ማያ ገጻቸው ፈዞ ይቆማል።

እንግዲህ ይህን ከምክሩ ጋር እናስተያይ። ሰውዬው ባክአፑ የዕለቱን ሥራ እንዳያውክ ብሎ ወደ ጠባቡ በር አዞረው። በዚህም ሥራው ባክአፑ በሰፊው በር በሚሄድበት ጊዜ ያልነበረ ሁከት አመጣ፤ አሁን የእንግዳው እያንዳንዱ ጽሕፈት ጠባቡን በር እየጠበቀ ነው። መለየቱ ኔትዎርኩን ከኔትዎርኩ ለየ፤ የእንግዳውን ዲስክ ከባክአፑ ፍጥነት ግን አልለየም፤ ይልቁንም ከቀርፋፋው ጋር አጥብቆ አሰረው።

ፕሮክስሞክስ ይህን ችግር አላየም ማለታችን አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 2024 ዓ.ም. በወጣው እትም 8.2 ፍሊሲንግ የተባለ ዘዴ አቅርቧል። በዚህ ዘዴ አሮጌው ክፍል በቀጥታ ወደ ሩቁ ሰርቨር በመላክ ፋንታ በአስተናጋጁ ዘንድ በሚገኝ ፈጣን ዲስክ ላይ ለጊዜው ይቀመጣል፤ እንግዳው ወዲያው ጽሕፈቱን ይቀጥላል፤ የተቀመጠውም በዝግታ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። እህሉን ወደ ሩቅ ጎተራ ከማጋዝ በፊት በአውድማው አጠገብ ባለ ጉድጓድ እንደ ማስቀመጥ ነው። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ሰው ካላበራው በስተቀር አይሠራም፤ ፈጣን የሆነ ትርፍ የዲስክ ቦታም ይፈልጋል። መመሪያውም ይህን ሁሉ በሚገባ ይገልጻል፤ የሚገልጸው ግን በባክአፕ ምዕራፍ ነው። ስለ ካርዶች የሚናገረው የኔትዎርክ ምዕራፍ ነው፤ ስለ አስተናጋጆች ኅብረት የሚናገረው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው። የባክአፕ ካርድ ለመግጠም የተነሣ ሰው ሦስቱን አንብቦ በራሱ አእምሮ ማጋጠም አለበት። የሚያውቅ ሰው ያጋጥማል፤ የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያውኑ መመሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ ካነሣን አይቀር፤ መለየት እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በዚያ በኩል መሆኑን ልንመሰክር ይገባናል። ብዙ የፕሮክስሞክስ አስተናጋጆች በኅብረት በሚሠሩበት ጊዜ ኮሮሲንክ በተባለ ፕሮግራም አማካይነት እርስ በርሳቸው «አለሁ፤ አለህ?» እየተባባሉ ይኖራሉ። መልእክቱ ጥቂት ነው፤ መዘግየትን ግን አይታገሥም፤ መመሪያው መዘግየቱ ከ5 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ያዛል። ባክአፑ መስመሩን ሞልቶ እነዚህን ጥቃቅን መልእክቶች ካስቀረ አንዱ አስተናጋጅ ከኅብረቱ የተቆረጠ ይመስለዋል። እንግዶቹ ያለ ማቋረጥ እንዲኖሩ የሚያደርገው አገልግሎት በርቶ እንደ ሆነ ደግሞ ከ60 ሰከንድ ያህል በኋላ ራሱን በራሱ ያጠፋና እንደገና ይነሣል። ምንም ያልተበላሸ ማሽን፤ ሙሉ ጤና ያለው፤ በባክአፕ ሌሊት ከነእንግዶቹ ይወድቃል። በጠዋት የመጣው ሠራተኛ የተቃጠለ ዕቃ ሲፈልግ ይውላል።

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ መካሪዎቹ ያሰቡት አይደለም። አንድ ትርፍ ካርድ ብቻ ያለው ሰው ለማን ይስጠው? እኛ ለኮሮሲንክ ይስጠው እንላለን። ባለ 1 ጊጋቢት አሮጌ ካርድ ለእርሱ ከበቂም በላይ ነው። ባክአፑ በሰፊው መንገድ ከዕለቱ ሥራ ጋር ይሂድ፤ ፍጥነቱንም በልክ መገደብ ይቻላል። ኮሮሲንክ እስከ 8 መንገድ ድረስ ሊመዘገብለት ስለሚችል ሰፊው መንገድ ለእርሱም ሁለተኛ ሆኖ ይቀመጥለታል። ከትልቁ ጋር መታገል ትቶ ትንሹንና ስሱን ማራቅ ይቀላልና። ሁለት ትርፍ ካርድ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ባክአፕ ያስብ።

ካርድ መግዛት ያቃተው ሰው በቪላን ይለይ የሚሉም አሉ። ስለዚህ ብዙ አንናገርም። ቪላን አድራሻንና ፈቃድን ይለያል፤ ሽቦውን አይለይም። በአንድ ባለ 1 ጊጋቢት ሽቦ ላይ ሁለት ቪላን ቢያልፍ ሁለቱ የሚካፈሉት ያንኑ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው።

ካርዱን በምን እንለካው? እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ያስፈልገናል። 125 ሜጋባይት የወረቀት ቁጥር ስለ ሆነ 110 ያህሉ ለሥራ ይውላል እንበል። የእንግዶቹ ዲስክ በጠቅላላው 4 ቴራባይት ነው እንበል። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ቢላክ 36,000 ሰከንድ ያልፋል፤ ይኸውም 10 ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚያደርስ። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ ካርድ ይገዛል። ነገር ግን የዛሬው ባክአፕ በየሌሊቱ ሁሉን አይልክም፤ ካለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይልካል። ከመቶ 3 እጅ ተለውጧል ብንል 120 ጊጋባይት ነው፤ ይህም በዚያው መስመር ወደ 18 ደቂቃ ይሆናል። ለ18 ደቂቃ ብሎ ሁለተኛ ኔትዎርክ መሥራት፤ ስዊች መግዛት፤ አድራሻ ማከፋፈል፤ ከዚህ በላይ የተናገርነውን የስምና የመንገድ ውስብስብ ሁሉ መሸከም ተገቢ ነውን? ለብዙ መካከለኛ ድርጅቶች አይመስለንም።

ሌላ ቀን ግን አለ፤ ዲስኮቹ የጠፉበት ቀን። በዚያን ቀን የሚመለሰው 120 ጊጋባይት አይደለም፤ 4 ቴራባይቱ ሁሉ ነው። ሐኪሙ የበሽተኛውን መዝገብ፤ ተማሪው የፈተና ውጤቱን፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን እየጠበቀ 10 ሰዓት ይቆማል። ባለ 10 ጊጋቢት መንገድ ቢኖር ዲስኮቹ እስከ ቻሉ ድረስ ወደ 1 ሰዓት ይወርድ ነበር። እንግዲህ የባክአፕ መንገድ ስፋት መለካት ያለበት በየሌሊቱ በሚሄደው ሳይሆን በዚያ ቀን በሚመለሰው ነው። የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው መንገድ ጋር አንድ መሆኑንም ማንም ዋስትና አልሰጠንም። በቪ ኤም ዌር በሆት አድ የሄደ ቅጂ በኤን ቢ ዲ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያልፈው ማንም ባላሰበው በር ነው።

በተለይ አንድ ሁኔታ አንባቢው እንዲያስብልን እንወዳለን። የሞተው አስተናጋጁ ራሱ ቢሆንስ? ምትክ የሆነ ማሽን ተፈልጎ ይመጣል፤ ይህ ማሽን ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ካርድ ነው። የባክአፑ ሰርቨር የሚገኘው ደግሞ በተለየው ኔትዎርክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለጥንቃቄ ተብሎ ከሌላው ሁሉ ተቆርጧል። ቅጂው አለ፤ ማሽኑም አለ፤ በመካከላቸው መንገድ የለም። መለየቱ በደንብ የተሠራ በሆነ መጠን ይህ ችግር ይበረታል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ የትኛው የስዊች ወደብ፤ የትኛው አድራሻ፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚያስፈልግ በወረቀት ጽፎ ከሰርቨሮቹ ውጭ በሆነ ቦታ ማስቀመጥ ነው። እኛ ባነበብናቸው ስለ ባክአፕ ካርድ በሚናገሩ ገጾች ላይ ግን ይህን የሚያሳስብ ቃል አላየንም።

ስለ ጥንቃቄ ካነሣን፤ መለየት ሰርቨሩን ከሌባ ይሰውራል የሚለው አሳብም ምርመራ ይፈልጋል። ዳታ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች አስቀድመው የሚፈልጉት ባክአፑን መሆኑ የታወቀ ነው። ሰርቨሩ ሁለት እግር ካለው፤ አንዱን በዕለቱ ሥራ ኔትዎርክ፤ አንዱን በተለየው ካቆመ፤ ወንበዴው የሚያገኘው ድልድይ ነው። የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር እንደ ተለመደው አቀማመጡ ከተተወ በ8007 ወደብ በአድራሻዎቹ ሁሉ ላይ ያዳምጣል። በዚህ ላይ ያንን የ1989ን ሰነድ እናስታውስ፤ ሊነክስ ደካማውን አስተሳሰብ የተከተለ ስለ ሆነ፤ በሁለተኛው ካርድ ላይ ያለ «የተሰወረ» አድራሻ በአንደኛው ካርድ በኩል ለሚመጣ እሽግም ይመልሳል። እሽግ ከኔትዎርክ ወደ ኔትዎርክ ማሳለፍ የተከለከለ ቢሆንም እንኳ ይህ አይቀርም፤ እሽጉ አያልፍምና፤ የሚፈልገው ቤት ውስጥ ደርሷል። ስለዚህ የተለየው ኔትዎርክ በፋየርዎል ደንብ፤ የትኛው ካርድ የትኛውን አድራሻ እንደሚቀበል በግልጽ ተጽፎ፤ ካልተጠበቀ በስተቀር ስሙ የተለየ ይሁን እንጂ ራሱ የተለየ አይደለም።

በመጨረሻ ማንም ተማሪ በቤተ ሙከራ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ፈተና እናቀርባለን። አስቀድሞ በአስተናጋጁ ላይ «አይ ፒ ራውት ጌት» የሚለውን ትእዛዝ ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር ጽፎ ከርነሉ የትኛውን ካርድ እንደሚመርጥ መጠየቅ ነው። ከዚያ የሁለቱን ካርዶች የእሽግ ቈጠራ መዝግቦ ባክአፕ መጀመርና የትኛው ቁጥር እንደሚያድግ መመልከት ነው። ከዚያ በባክአፑ መካከል የሁለተኛውን ካርድ ኬብል መንቀል ነው። ባክአፑ ከቆመ መንገዱ በእርግጥ የተለየ ነበር። ምንም እንዳልሆነ ያህል ከቀጠለ፤ በሁለተኛው ካርድ በኩል መጀመሪያውኑ አልሄደም። ይህ ፈተና በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን፤ ሰው ሥራ በማይገባበት ሰዓት፤ በ10 ደቂቃ ሊፈጸም ይችላል፤ ኬብሉን መልሶ መሰካትም አይረሳ።